ዋናው ጭራቅ ቶሎ እየሞተብኝ ተቸግሬያለሁ

ለጓደኞቼ ዳንጅንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለውን፣ ዳይስ እየተጣለ በታሪክ የሚካሄድ የሚና ጨዋታ የማጫውተው እኔ ነኝ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣውን 5ኛ እትም። ተጫዋቾቹ አምስት ናቸው፦ ፓላዲን (ቅዱስ ተዋጊ)፣ ዊዛርድ (አስማተኛ)፣ ክለሪክ (ካህን)፣ ሮግ (ስውር ሌባ) እና ሬንጀር (የዱር አዳኝ)። ሁሉም 7ኛ ደረጃ ላይ ናቸው።

ችግሩ ትልቁ ፍልሚያ ላይ ነው። ከታሪኩ መጀመሪያ ጀምሮ ሲፈሩት የነበረውን ወጣት አረንጓዴ ዘንዶ አመጣሁ። 136 የሕይወት ነጥብ አለው። መርዙን አንዴ ተፋ፣ ከዚያ አምስቱም ተራ በተራ ተረባረቡበትና በሁለተኛው ዙር አለቀለት። እሱ አንድ ተራ ሲያገኝ እነሱ አምስት ያገኛሉ፣ ዋናው ነገር ይሄ ይመስለኛል። ለሌላ ጭራቅ የሕይወት ነጥቡን እጥፍ አደረግኩለት፤ ቶሎ አልሞተም፣ ግን ፍልሚያው ተንዛዛና ሰዉ ስልኩን መነካካት ጀመረ። አጃቢ ጎብሊኖች (ትናንሽ ደካማ ጭራቆች) ስጨምር ደግሞ ዊዛርዱ በአንድ የእሳት ኳስ ጠራርጎ ጨረሳቸው። ዳይሱን ደብቄ ውጤት መቀየር አልፈልግም፣ ለእኔ ያ ተጫዋቾቹን ማታለል ነው።

አሁን የታሪኩ መጨረሻ ላይ አንድ ነክሮማንሰር (በሙታን አስማት የሚሠራ ጠንቋይ) ብቻውን ይጠብቃቸዋል። አዋቂ ዘንዶዎች በሌሎች ተራ መጨረሻ ላይ የሚጠቀሙባቸው ሦስት ሌጀንደሪ አክሽኖች (ከራሳቸው ተራ ውጭ የሚፈጽሟቸው ተጨማሪ ድርጊቶች) አሏቸው፤ ለዚህ ደረጃ ቡድን ለነክሮማንሰሩ ስንቱን ልስጠው፣ ምን ዓይነትስ ቢሆኑ ነው ሰዉን ሳይጨርስ ፍልሚያው የሚከብደው?