አምፕ ካስገባሁ ወዲህ ነዳጅ ስሰጥ የሚያፏጨው ከየት ነው?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቪትዝ ናት። ፊት በሮች ላይ ባለ 6.5 ኢንች ስፒከር ከነትዊተሩ፣ ከኋላ ባለ 4 ቻናል አምፕ (ድምፅ ማጉያ፤ በቻናል 50 ዋት አርኤምኤስ፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠው ኃይል) አለ። ነዳጅ ሲሰጥ አብሮ እየቀጠነ የሚሄድ ፉጨት ይሰማል። ድምፁ ከግማሽ ሲያልፍ ደግሞ ጆሮ ይወጋል፣ ቤዝ የሚባል ነገር የለም። ኖይዝ ፊልተር ልግዛ ወይስ ሰብዉፈር ልጨምር?

ሽቦ ፈቺ፦
ሁለቱንም አትግዛ። ፉጨቱ የዲናሞው ነው፤ ጥያቄው በየት በኩል ገባ ነው። ሞተር አጥፍተህ አርሲኤውን (ከቴፑ ወደ አምፑ ድምፁን የሚያደርሰውን ገመድ) ከአምፑ ንቀልና መልሰህ አስነሳ። ፉጨቱ ከጠፋ በቴፑ ወይም በአርሲኤው መስመር ነው የገባው፤ ካልጠፋ የአምፑ ፖዘቲቭ ወይም ግራውንድ (ከመኪናው ላሜራ ጋር የሚታሰረው ኔጌቲቭ ሽቦ) ነው።

ግራውንዱን በኦም አትለካ፤ ተራ ቴስተር ከአንድ ኦም በታች ሲሆን ይዋሻል። ዘፈን ከፍ ብሎ እየተጫወተ፣ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርገህ አንዱን ጫፍ የአምፑ ኔጌቲቭ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አሳርፍ። ከ0.2 ቮልት ካለፈ ግንኙነቱ ደካማ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ ገጣሚው ሽቦውን ቀለም ላይ፣ በወንበር ብሎን ማሰሩ ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታና ቀለሙን ላሜራው እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍግ። ከ50 ሳ.ሜ. በማይበልጥ ሽቦ አጥብቀህ እሰር፣ ከላይ ግሪስ ቀባ። የባትሪው ገመድ በሾፌር በኩል ከሄደ አርሲኤው በጋቢና በኩል ይሂድ።

የገመዱንም ጉዳይ እይ። «4 ጌጅ» (ጌጅ የሽቦ ውፍረት ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል) ተብሎ የሚሸጠው ኪት ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አንዷን ክር በምላጭ ፋቅ አድርጋት፤ ከስር ነጭ ከወጣ አልሙኒየም ነው። ላንተ አምፕ ንጹህ መዳብ 8 ጌጅ ይበቃል። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሳ.ሜ. አይራቅ።

ቴፕ ተራ፦
ለምን ይደክማል? አርሲኤው ላይ የሚሰካ ትንሽ አይዞሌተር (ፉጨት መከልከያ) አለ፣ በአንድ ደቂቃ ያበቃል።

ሽቦ ፈቺ፦
ያበቃል፤ ቤዙንም ይዞት ይሄዳል። በርካሹ ውስጥ ያለችው ትራንስፎርመር ትንሽ ስለሆነች ታችኛውን ድምፅ አታሳልፍም። ሰውየው ደግሞ ቤዝ አጣሁ እያለ ነው።

በር ከፋች፦
ጆሮ የሚወጋው ጌይኑ ስለበዛ ይመስለኛል። ጌይን አምፑን ከቴፑ ሲግናል ጋር ማመጣጠኛ እንጂ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም። ስፒከሮቹን ከአምፑ ንቀል፣ የአምፑን ፊልተርና የቴፑን ኢኳላይዘር አጥፋ፣ ቴፑን ሦስት አራተኛ ላይ አድርግ። የ100 ኸርዝ ቶን አጫውት (1000 ኸርዝ ላይ ርካሽ ቴስተር አሳንሶ ሊያነብ ይችላል)። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርገህ የስፒከር መውጫውን ለካ። 50 ዋት በ4 ኦም ማለት 14.1 ቮልት ነው፤ ጌይኑን ከታች ጀምረህ ቀስ እያልክ ጨምር፣ እዚያ ሲደርስ አቁም። ከዚያ ሃይ ፓስ ፊልተሩን (ከታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን) 80 ኸርዝ ላይ መልስ።

ቤዙን በሩ ውስጥ ፈልገው። የበሩን ሽፋን ስታነሳ ላሜራው ላይ ትልልቅ ክፍተት ካየህ፣ ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው አየር በዚያ ዞሮ ከፊተኛው ጋር ይጠፋፋል። ክፍተቱን በአልሙኒየም ላሜራ ድፈን፣ ላዩ ላይ ባለ 2 ሚ.ሜ. ቢውቲል (ንዝረት የሚያፍን ተለጣፊ ጎማ) ለጥፍ። የውጪውን ላሜራ ሙሉ በሙሉ መሸፈን ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ሩቡን ያህል ለጥፈህ በጣትህ አንኳኳው፤ «ቃ» ማለቱን ትቶ «ዱብ» ይላል። ከታች ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች እንዳትነካ፤ ከተደፈኑ በሩን ከውስጥ ዝገት ይበላዋል።

ጠያቂ፦
ግራውንዱ 0.9 ቮልት ነበር። ቀለሙ ተፍቆ ሲታሰር 0.06 ሆነ፣ ፉጨቱም ጠፋ። ጌይኑ ጥግ ድረስ ተዞሮ ነበር፤ አሁን 14 ቮልት ላይ ነው፣ መውጋቱ ቀርቷል። ቤዙ ግን ከበሩ በኋላም ትንሽ ነው።

በር ከፋች፦
ፖላሪቲውን (የስፒከሮቹ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አለመገልበጡን) እይ፤ አንዱ ከተገለበጠ የግራና የቀኙ ቤዝ ይጠፋፋል። የስፒከሩን ሽቦዎች ከአምፑ ነቅለህ ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት አስነካ፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ። ግራም ቀኝም ኮኑ ወደ ውጭ መዝለል አለበት። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ሽቦውን ገልብጠው። ሽፋኑን ከመግጠምህ በፊት መስታወቱን እስከ ታች አውርደህ ማግኔቱን እንደማይነካ አረጋግጥ።

ጠያቂ፦
የግራው ወደ ውስጥ ነው የገባው።