ክርክር፦ ለነፋስ ኃይል ሲባል 1,821 የቡሽ ዛፍ መቁረጥ ልክ ነው?

ኤሚ፦
ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ የዛፍ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። በፈረንጆች 2023 ኦገስት ላይ የፖርቱጋል መንግሥት ሲነሽ የምትባል ከተማ አካባቢ ለሚሠራ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 1,821 የቡሽ ዛፎች እንዲቆረጡ ፈቀደ። የወይን ጠርሙስ ቡሽ የሚወጣው ከዚህ ዛፍ ቅርፊት ነው። እዚያ አገር ከ2011 ጀምሮ ብሔራዊ ዛፍ ተብሏል፤ ያለ ፈቃድ መቁረጥም በሕግ ክልክል ነው። ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ። እናንተስ?

ቢኒ፦
እኔ እደግፋለሁ። እዚያው ሲነሽ የነበረው የከሰል ማመንጫ በ2021 ተዘግቷል። በምን ይተካ ታዲያ? ፖርቱጋል ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የቡሽ ደን አላት። ደኑን እየጎዳው ያለው ድርቅና ሙቀት ነው፤ ድርቁን የሚያብሰው ደግሞ ከሰልና ጋዝ ነው። ደግሞ ሕጉ ራሱ ከተቆረጠው ስፋት ቢያንስ 1.25 እጥፍ ይተከል ይላል። ይተከላል እኮ!

ሳባ ከሊዝበን፦
ቢኒዬ፣ «ይተከላል» የሚለው ላይ ነው የማልስማማው። ይሄ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው ወደ 25 ዓመት ሲጠጋ፣ የግንዱ ዙሪያም 70 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ነው። ከዚያ በኋላ በየዙሩ ቢያንስ 9 ዓመት ይጠበቃል። የመጀመሪያውም ሁለተኛውም ልጣጭ ለጠርሙስ አይሆንም። ሦስተኛው ነው የሚሆነው። ደምረው፤ ዛሬ የተከለ ሰው ጥሩ ቡሽ የሚያየው ከ40 ዓመት በኋላ ነው። አያት ተክሎ የልጅ ልጅ ነው የሚልጠው።

ደቡብ ፖርቱጋል፣ አለንቴዡ የሚባል ክልል ሄጄ ሲላጥ አይቻለሁ። በጋ ላይ ነበር። ሰውየው መጥረቢያውን ያሳርፍና ድምፁን ያዳምጣል። ስለቱን ጠምዘዝ ሲያደርገው ቅርፊቱ እንደ ትልቅ ሰሌዳ ተላቆ ይወጣል። ከሥሩ ያለውን ግንድ ስነካው እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር። ሲጨርሱ በነጭ ቀለም የዓመቱን የመጨረሻ ቁጥር ይጽፉበታል፣ ቀጣዩ ተራ እንዳይሳሳት። በ2023 የተላጠ 3 ተጽፎበት እስከ 2032 አይነካም። እንዲህ ተቆጥሮ የተያዘን ዛፍ በአንድ ፊርማ መቁረጥ ያማል።

ማሂ፦
ይቅርታ፣ አንድ ጥያቄ። ሁላችንም ወደ ፕላስቲክ ክዳን ብንዞር ዛፉ አያርፍም?

ሳባ ከሊዝበን፦
ኧረ የለም ማሂዬ፣ ተቃራኒው ነው! ቡሽ ለማውጣት ዛፉ አይቆረጥም። ገዢ ከጠፋ ግን ባለመሬቱ ዛፉን የሚጠብቅበት ምክንያት አይኖረውም።

ጋሽ ግርማ፦
ልጆቼ፣ ደን ላይ የሠራሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ልጨምር። ቡሽ ማለት በአየር የተሞሉ የሞቱ ሕዋሳት ናቸው። ለዛፉ የእሳት መከላከያ ልብሱ ነው። ሰደድ እሳት ካለፈ በኋላም ከቅርንጫፎቹ ዳግም ያቆጠቁጣል። ዛፉ ሲላጥ የማይሞተው ውስጠኛው ሕያው ሽፋን ስለሚተርፍ ነው። መጥረቢያው እሱን ካገኘው ግን ቁስሉ ይቀራል።

እኔን ከ1,821ዱ በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። በብዙ ቦታ ሽማግሌ ዛፎች አሉ፣ ተተኪ ልጅ ግን የለም። ፍሬውን አሳማ ይለቅመዋል፤ ቡቃያውን በግና ከብት ይግጠዋል። ማረሻው ሥሩን ይቆርጣል፤ በዚያ ላይ ሥር የሚያበሰብስ በሽታ ይገባል። መተማ ያለውን የዕጣን ዛፋችንን አስቡት። እሱም እየተደማ፣ ሥሩ ያለው ቡቃያ በከብትና በእሳት እያለቀ ነው። መከራቸው አንድ ነው።

ስለ ተከላው ደግሞ፣ እኛ አገር እንኳ የተተከለው ይቆጠራል፤ የጸደቀውን ማን ይቆጥራል?

ቢኒ፦
ጋሼ፣ ይሄን ተቀብያለሁ። ጽድቀቱ ካልተቆጠረ 1.25 እጥፍ የሚባለው ወረቀት ላይ ይቀራል። ግን እርስዎም እንዳሉት ትልቁ ችግር ግጦሽና ማረሻ ከሆነ፣ ጣታችን ለምን ተርባይኑ ላይ ብቻ ይቀሰራል?

ኤሚ፦
ምክንያቱም ግጦሹን ለመቀነስ ዓመታት ይፈጃል፤ ፈቃዱን መከልከል ግን በአንድ ቀን ይቻል ነበር። ደግሞ ፖርቱጋል ውስጥ ባሕር ዛፍ ብቻውን ከ800 ሺህ ሄክታር በላይ ይዟል። ቶሎ የሚያድገው እሱ ነው። ቦታ ከተፈለገ መጀመሪያ እሱ ይነሳ።

ቢኒ፦
ነፋስ ባለበት ነዋ የሚተከለው ኤሚዬ፣ ባሕር ዛፍ ባለበት ሁሉ አይደለም። ነፋሱ እኩል የሆነ ሁለት ኮረብታ ካለ ግን ባሕር ዛፍ ያለበት ይመረጥ፤ እዚህ ላይ እስማማለሁ። ፈቃዱን አሁንም አልቃወምም። የምቃወመው የችግኙ ጠባቂ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ መቁረጥ መጀመሩን ነው።

ጋሽ ግርማ፦
ጠባቂው ቢያንስ 20 ዓመት ይቁም። አጥርም ይኑረው፣ በግ እንዳይገባ።