ኮሚቴው «በይደር ይቆይ» ሲል ከልክሎናል ማለት ነው?

ጠያቂ፦
እንደምን ሰነበታችሁ። የሰፈራችን ነዋሪዎች ለአንድ ቀን መንገዱን ለተሽከርካሪ ዘግተን የሙዚቃና የልጆች ጨዋታ ዝግጅት ለማድረግ ለከተማው ምክር ቤት ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ጉዳዩ ለሕዝብ ደኅንነት ኮሚቴ ተመራ፤ ኮሚቴውም ከሩብ ሰዓት ያልበለጠ ውይይት አድርጎ የሕዝብ ፍሰት ዕቅድ፣ የአምቡላንስ መተላለፊያ ንድፍና የሥነ ሥርዓት አስከባሪዎች ዝርዝር እስኪቀርብ ድረስ በይደር እንዲቆይ ወሰነ። በዚያው ስብሰባ ከእኛ የሚሰፋ ሌላ ዝግጅት ያለ ብዙ ጥያቄ አልፏል። ይህ በጨዋ ቋንቋ የተነገረ ክልከላ ነው ወይስ በእርግጥ ያላለቀ ጉዳይ? ደግሞስ ኮሚቴው የመጨረሻው ወሳኝ ነውን?

የቀድሞ የኮሚቴ ጸሐፊ፦
በይደር መቆየትና ውድቅ መደረግ በቃለ ጉባኤ ላይ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውድቅ የተደረገ ማመልከቻ ይዘጋል፤ እንደገና ለማንቀሳቀስ አዲስ ማመልከቻ ወይም ይግባኝ ያስፈልጋል። በይደር የተያዘው ግን ከአጀንዳው አልወጣም፤ የጎደለው ሲሟላ ካቆመበት ይቀጥላል። የመጨረሻውን ወሳኝ በተመለከተ፣ በብዙ ከተሞች ኮሚቴ የሚያሳልፈው የውሳኔ ሐሳብ ሲሆን የሚያጸድቀው ሙሉው ምክር ቤት ነው። ሆኖም ምክር ቤቱ አነስተኛ ፈቃዶችን የመስጠት ሥልጣኑን በደንብ ለኮሚቴው ወይም ለአንድ የሥራ ክፍል ውክልና ሰጥቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከሁሉ አስቀድመው የኮሚቴውን ማቋቋሚያ ደንብ ጠይቀው ያንብቡ። ቃለ ጉባኤውንም ይጠይቁ፤ አባላቱ በቃል የተናገሩትና በጽሑፍ የሠፈረው ቅድመ ሁኔታ አንድ ላይሆን ይችላል፤ የሚያስገድድዎ ደግሞ በጽሑፍ የሠፈረው ነው። እኔም ጸሐፊ ሳለሁ፣ አመልካቾች ለአንድ አባል አስተያየት ብቻ መልስ አዘጋጅተው ሲመጡ በተደጋጋሚ ተመልክቻለሁ።

በሕዝብ ስብስብ ደኅንነት የምሠራ፦
ጠያቂያችን የሩብ ሰዓቱን ውይይት እንደ ንቀት የቆጠሩት ይመስላል፤ የተጠየቁት ሰነዶች ግን ተራ ወረቀት አይደሉም። በሕዝብ መጨናነቅ የሚሞቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት ተረግጠው ሳይሆን ደረታቸው ተጨንቆ መተንፈስ ስለሚሳናቸው ነው፤ ለዚህም ሁከት ወይም ድንጋጤ መኖሩ ግድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ዱይስበርግ በተካሄደ የሙዚቃ ዝግጅት 21 ሰዎች ሲሞቱ፣ መግቢያውም መውጫውም በአንድ ዋሻና መወጣጫ በኩል ነበር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 29 ቀን 2022 በሴኡል ኢቴዎን ሰፈር 159 ሰዎችን የገደለው መጨናነቅ ደግሞ የተፈጠረው በጥቂት ሜትር ስፋት ባለው ተዳፋት መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ዝግጅቱ ኃላፊነት የሚወስድ አዘጋጅ አልነበረውም፤ ስለዚህ እንደ እናንተ ዕቅድ እንዲያቀርብ የሚጠየቅ አመልካችም አልነበረም።

ቁጥሩን ራስዎ ሊሠሩት ይችላሉ። መንገዱ 8 ሜትር ስፋትና 100 ሜትር ርዝመት ካለው 800 ካሬ ሜትር ነው፤ መድረክ፣ ድንኳንና የአምቡላንስ መተላለፊያ ግማሹን ከወሰዱት 400 ይቀራል። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሰው ቢታሰብ 800 ሰው በምቾት ይይዛል። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ሰው በላይ ሲሆን ግን ሰው አካሄዱን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ከኋላ የመጣ ግፊትም እንደ ማዕበል ወደ ፊት ይተላለፋል። ለመውጫ ደግሞ የብሪታንያ የስታዲየም መመሪያ በደልዳላ መሬት ላይ ለአንድ ሜትር ስፋት በደቂቃ 82 ሰው ይቆጥራል። ባለ ሦስት ሜትር ሁለት መውጫዎች ካሏችሁና አንዱ በመኪና ወይም በእሳት ቢዘጋ፣ ቀሪው በደቂቃ ወደ 246 ሰው ያስወጣል ማለት ነው። ኮሚቴው ማየት የሚፈልገው ይህንን ስሌት ነው፤ የዝግጅቱን በጎ ዓላማ የሚገልጽ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ይህን አይተካም።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ስሌቱን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። ሳልጠቅስ ያለፍኩት ግን አንድ አባል ለፖሊስ ጥበቃ የሚወጣውን ወጪ እኛ እንድንሸፍን ሐሳብ ማቅረባቸውን ነው።

የአስተዳደር ሕግ ተከታታይ፦
ከላይ በተሰጡት መልሶች እስማማለሁ፤ ግን የኮሚቴውን ጥያቄ ሁሉ በደኅንነት ስም ብቻ መቀበል ተገቢ አይመስለኝም። የጥበቃ ወጪ ማስከፈል በራሱ ስሕተት ባይሆንም፣ መጠኑ በኃላፊው ውሳኔ ብቻ የሚተመን ከሆነ የማይፈለግን ዝግጅት ያለ ክልከላ ማስቀረት ይቻላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1992 በጆርጂያ ግዛት የፎርሳይት ካውንቲን ደንብ የሻረው በዚህ ምክንያት ነበር፤ ደንቡ በቀን እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ክፍያን ግልጽ መለኪያ ሳያስቀምጥ ኃላፊው እንዲወስን ፈቅዶ ነበር። ፍርዱ ሌላ አገርን ባያስገድድም ጥያቄው የትም ይሠራል፦ ሒሳቡ የሚታሰበው በሰው ብዛትና በሰዓት ነው ወይስ በአመልካቹ ማንነት? ያንን ያለ ጥያቄ ያለፈ ትልቅ ዝግጅትም በዚሁ ሚዛን ያስመዝኑት፤ በየዓመቱ የሚካሄድ ከሆነ ዕቅዱ አስቀድሞ በመዝገብ ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ሳያጣሩ አድልዎ ነው አይበሉ።

የቀድሞ የኮሚቴ ጸሐፊ፦
አንድ ነገር ልጨምር። በይደር የቆየ ጉዳይ የዝግጅቱ ቀን ካለፈ በኋላ ቢጸድቅ ምንም አይጠቅምም፤ ስለሆነም ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳው የሚዘጋበትን ቀን አሁኑኑ ይጠይቁ። ሰነዶቹን በስብሰባው ዕለት ከማደል ይልቅ አስቀድመው ለእሳትና አደጋ መከላከል እና ለፖሊስ ባለሙያዎች ያሳዩ፤ የጽሑፍ አስተያየታቸው ከማመልከቻው ጋር ከተያያዘ የኮሚቴው አባላት የራሳቸውን ግምት ይዘው የሚከራከሩበት ቦታ ይጠብባል። በማመልከቻው ላይ ተለዋጭ ቀን መጻፍም አይርሱ።