ያስተማርኩትን መኖር አቃተኝ፤ ምን ላድርግ?

እንደምን ሰነበታችሁ ወገኖቼ። ደሴ ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም እሸጣለሁ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተምራለሁ።

ባለፈው እሑድ ማቴዎስ ምዕራፍ 18 ነበር፤ እልፍ መክሊት የተተወለት ባሪያ፣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን «ዕዳህን ክፈለኝ» ብሎ ሲያንቀው። ልጆቹ በባሪያው ተናደዱ፤ እኔም አብሬያቸው።

ማክሰኞ፣ 18 ሺህ ብር ያበደርኩት ጎረቤቴ በሱቄ በር ሲያልፍ ኮሌታውን ያዝኩት። «አብሽር፣ ለጥቅምት እሰጥሃለሁ» ይለኛል፤ አልሰማሁትም። ቀና ስል ከተማሪዎቼ አንዷ ቆማለች። በርበሬ ልትገዛ ተልካ፣ ብሩን በመዳፏ ጨምድዳ ይዛለች። ሳትገዛ ተመለሰች። ዓይኗ እስካሁን ከፊቴ አልጠፋም።

ገንዘቡን እንዳልተወው የሱቅ ኪራይ አለብኝ። ቂሙን እንጂ ዕዳውን ተው አልተባልክም የሚሉኝም አሉ፤ ልክ ይሆናሉ፣ ኮሌታ መያዙን ግን ምን እለዋለሁ? ማቴዎስ 5፥24 መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል። እስክንታረቅ ማስተማሩን ላቁም? ሽማግሌ ልላክ ወይስ ራሴ ቤቱ ልሂድ? ለልጅቷስ ምን ልበላት? እንዲህ የገጠማችሁ እባካችሁ እሑድ ሳይደርስ ምከሩኝ።