ቀኖና፦ ከቀራጺው መለኪያ እስከ ንስሐ አባት ትእዛዝ

ጥያቄ፦ የጥንቱ ግሪካዊ ቀራጺ ፖሊክሌይቶስ «ካኖን» የተባለ መጽሐፍ እንደ ጻፈ አነበብሁ። ይህ ቃል ከእኛ «ቀኖና» ጋር ዝምድና አለው? «ቀኖና» የመጣው «ቀና» ከሚለው ይመስለኝ ነበር። የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ፦ አዎ፣ ቃሉ አንድ ነው። ከ«ቀና» ጋር መመሳሰሉ ያሳስታል እንጂ «ቀኖና» ወደ ግዕዝ የገባው ከግሪክ ነው። «ካኖን» መጀመሪያ የአናጢና የግንበኛ መሣሪያ ነበር፤ እንጨቱ ወይም ድንጋዩ አለመጣመሙን የሚያዩበት ቀጥ ያለ ዘንግ።

በ5ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት የኖረው የአርጎሱ ፖሊክሌይቶስ ያንን ዘንግ ወደ ሰው አካል አመጣው። መጽሐፉ ጠፍቷል፤ ሐሳቡን ግን ሐኪሙ ጋሌን አቆይቶልናል። ውበት ያለው በክፍሎች መመጣጠን ነው፦ ጣት ከጣት፣ ጣቶች ሁሉ ከመዳፍና ከእጅ አንጓ፣ እነዚህም ከክንድ፣ ሁሉም ከሁሉም። ይህንን በቃል ብቻ አልተወውም፤ «ጦር ያዡ» የተባለውን ሐውልት በነሐስ ሠርቶ አሳየ። ነሐሱ ዛሬ የለም። በፖምፔይ የተገኘው የእብነ በረድ ቅጂ ግን ኔፕልስ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ልብ ብላችሁ እዩት፦ ቀኝ እግሩ ክብደቱን ተሸክሟል፣ ቀኝ እጁ ዘና ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ግራ እግሩ አርፏል፣ ግራ እጁ ግን ጦሩን ሊይዝ ታጥፏል። ሥራና ዕረፍት በሰያፍ ተሰናስለዋል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የ«ካኖን» ፍቺ የለም። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒም የጥበብ ሰዎች የፖሊክሌይቶስን ሐውልት «ካኖን» ይሉት እንደነበር፣ መስመራቸውንም እንደ ሕግ ከእርሱ ይወስዱ እንደነበር ጽፏል።

ቃሉን ለቤተ ክርስቲያን የሰጠው ፖሊክሌይቶስ ነው ማለቴ አይደለም። «ካኖን» በግሪክ ለማንኛውም መመዘኛ የሚነገር ሆኖ ነበር፤ ክርስቲያኖችም ለሥርዓታቸውና ለተቀበሏቸው መጻሕፍት ተጠቀሙበት። «ሰማንያ አሐዱ የቀኖና መጻሕፍት» የምንለው ከዚያ ነው። «ንስሐ አባቱ ቀኖና ሰጡት» ሲባልም ጾሙና ስግደቱ ለኃጢአቱ ልክ የተመጠነ ነው፤ የመለኪያው ትርጉም አልጠፋም።

ጥያቄ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። «ጭቃው ጥፍር ላይ ሲደርስ ሥራው ከሁሉ ይከብዳል» የሚለውስ አነጋገር የፖሊክሌይቶስ ነው?

መልስ፦ ግሪካዊው ጸሐፊ ፕሉታርክ የእርሱ ብሎ ጠቅሶታል። ጭቃው የሐውልቱ ቅርጽ መጀመሪያ የሚሠራበት ነው። ጥፍሩ የማን ነው በሚለው ግን ሊቃውንት ይከራከራሉ። አንዳንዶች የሐውልቱ ነው ይላሉ፤ ጭቃው እስከ ጣት ጫፍ ሲደርስ ማለት ነው። እኔ የቀራጺው ነው የሚሉትን እከተላለሁ። ደረቱንና ጭኑን በመዳፍ ማውጣት ይቻላል፤ የዐይን ቆብንና የከንፈር ጠርዝን ግን በጥፍር ነው የሚጨርሱት። ሮማዊው ገጣሚ ሆራስም እንከን የሌለበትን ሰው «እስከ ጥፍር የተሠራ» ይለዋል፤ ይህም አነጋገር ከእጅ ባለሙያዎች የተወሰደ ነው።