የላራቬል ሞዴልን በተለዋዋጭ አሬይ መሙላት፦ አንዱ መስክ ለምን ባዶ ይቀራል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። በላራቬል (በፒኤችፒ የዌብ ፕሮግራም መሥሪያ) በምሠራው የሠራተኞች መመዝገቢያ ላይ ከፎርሙ የሚመጡትን መስኮች በአንድ አሬይ (የመስክ ስምና ዋጋ ዝርዝር) ሰብስቤ «ፊል» በሚባለው ሜተድ ለሞዴሉ (የዳታቤዙን ሠንጠረዥ ለሚወክለው ክላስ) እሰጣለሁ። አሬዩ እንደ ሠራተኛው ዓይነት ይለያያል፤ ቋሚ ከሆነ የጡረታ ቁጥር፣ ኮንትራት ከሆነ ደግሞ ውሉ የሚያበቃበት ቀን ይገባበታል። የጡረታ ቁጥሩ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ የኤረር መልእክትም አይመጣም። አሬዩን በ«ዲዲ» (የያዘውን አሳይቶ ፕሮግራሙን በሚያቆመው ትእዛዝ) ሳየው ቁጥሩ በቦታው አለ። ፊልን ትቼ በ«ፎርኢች» (በአሬዩ ላይ በየተራ በሚዞር ሉፕ) እያንዳንዱን መስክ ብሞላ ይሻላል?

መልስ 1
የጡረታ ቁጥሩ ኮለም በሞዴሉ «ፊለብል» ዝርዝር (በፊል እንዲሞሉ በተፈቀዱ መስኮች ዝርዝር) ውስጥ መኖሩን ይመልከቱ። ዝርዝሩ ውስጥ ሌሎች ስሞች ካሉ፣ ፊል ያልተጠቀሰውን መስክ ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። ከላራቬል 9 ጀምሮ «ፕሪቨንት ሳይለንትሊ ዲስካርዲንግ አትሪቢውትስ» የሚባል ሜተድ ስላለ፣ በራስዎ ማሽን ላይ ሲሠሩ ብቻ ቢያበሩት የተጣለው መስክ በኤክሴፕሽን ይነገርዎታል።

መልስ 2
«ጋርድድ»ን (በፊል እንዳይሞሉ የተከለከሉ መስኮችን ዝርዝር) ባዶ አሬይ ቢያደርጉት ይገላገላሉ።

መልስ 3
ይህን ምክር አልቀበለውም። ጋርድድ ባዶ ሆኖ ሪኩዌስቱ (ከብራውዘሩ የመጣው ሁሉ) እንዳለ ለፊል ከተሰጠ፣ ማንም ሰው በብራውዘሩ አንድ መስክ ጨምሮ ራሱን አድሚን ሊያደርግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2012 አንድ ፕሮግራመር ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ የራሱን ቁልፍ (ኮድ ለመላክ የሚያስችለውን መለያ) የሬይልስ (የሌላ ዌብ ፕሮግራም መሥሪያ) ፕሮጀክት አባል አስመስሎ ያስመዘገበው በዚህ ዓይነት ቀዳዳ ነበር፤ ከፎርሙ ጋር የሌላ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር ላከ፣ ሰርቨሩም ተቀበለው።

ፎርኢችም ቢሆን ያው ነው፤ መስኩን በቀጥታ ሲሞሉ ፊለብል ከነጭራሹ አይጠየቅም። ሪኩዌስቱን እንዳለ ካዞሩበት ደግሞ ፎርሙ በስውር የሚልከው ቶከን (የደኅንነት ማረጋገጫ ኮድ) እንደ ኮለም ተቆጥሮ «ሴቭ» ላይ ዳታቤዙ «እንዲህ ያለ ኮለም የለም» ይላል።

እኔ ብሆን የቫሊዴሽን (የገቡ መረጃዎች ማጣሪያ) ደንቡን በሠራተኛው ዓይነት መርጬ፣ «ቫሊዴትድ» (በደንቡ የተጠቀሱትን መስኮች ብቻ የሚሰጥ ሜተድ) የሚመልሰውን አሬይ ብቻ ለፊል እሰጣለሁ። በዚህ መንገድ አሬዩ ተለዋዋጭነቱን አያጣም፣ ምን ሊገባበት እንደሚችል የሚወስነው ግን ሰርቨሩ ነው።

ጠያቂው
አመሰግናለሁ፤ ኮለሙ በእርግጥም ከፊለብል ጎድሎ ነበር። «ዌር» ብዬ በቀጥታ «አፕዴት» ሳደርግስ ፊለብል ይሠራል?

መልስ 3
አይሠራም። ያ ትእዛዝ ሞዴሉን ሳይጭን በኩዌሪ በኩል ስለሚሄድ ፊለብልንም፣ ሚውቴተሮችንም (ዋጋ ሲገባ የሚቀይሩ ሜተዶችን)፣ «ሴቪንግ» የሚባለውን (ሞዴሉ ሊቀመጥ ሲል የሚነሳውን) ኢቨንትም ያልፋቸዋል። አንድ ሠራተኛ ብቻ የሚያስተካክሉ ከሆነ በ«ፋይንድ» ካወጡት በኋላ በራሱ በሞዴሉ ላይ አፕዴት ይበሉ።