ከሐዋሳ ወደ ቦረና ለሚሽን ሄደን ነበር፤ ልጆቹ አሁን እምቢ አሉ

የታቦር ሰፈር እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቻችን ከቤተ ክርስቲያናችን ቡድን ጋር በያቤሎ በኩል ወዳለ መንደር ወርደን ነበር። መንገዱ ምንም አላለም። ዲላን አልፈን፣ ቡሌ ሆራን አልፈን በሰላም ገባን። አቀባበላቸውም ያስለቅሳል። ችግሩ ቋንቋው ነው። ሐዋሳ ላይ በአማርኛ የትም ይደረሳል፣ ካልሆነም ሲዳሙ አፎ ቀላቀል ማድረግ ነው። እዚያ ግን ለዚያ ሁሉ ሰው አንድ አስተርጓሚ! እሱም የወለጋ ልጅ ስለሆነ ሽማግሌዎቹ የሚሉት አንዳንዴ ለራሱም ይጠፋበታል። እሱ ከባለቤቴ ጋር ስብከት ላይ ሲሆን እኔ ሴቶቹ መሃል ፈገግ ብዬ ቁጭ። ፈገግታም ያልቃል እኮ።

ትልቁ ልጄ እዚህ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ስለሚበላው አሳ በምልክት ሊያስረዳቸው ሲሞክር ልጆቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሮጡ፤ ከዚያ ወዲያ ከድንኳን አልወጣም አለ። ትንሿ ደግሞ በጢስ የታጠነውን ወተት አልጠጣም ብላ ፊቷን አዞረች። ሴትየዋ ዝም አለች፤ ተቀይማ ይሁን አይሁን መጠየቅ እንኳ አልቻልኩም። አንድ ቀን ደግሞ አስተባባሪያችን ፎርም ይዞ በየቤቱ ስንት ልጅ፣ ስንት ከብት እያለ ሲዞር ሰው ሁሉ ቀዘቀዘብን። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም።

ዘንድሮ ረዘም ላለ ጊዜ ሂዱ እየተባልን ነው። ባለቤቴ ደስ ብሎታል፣ ልጆቹ ሞተን እንገኛለን ብለዋል፣ እኔ መሃል ላይ ነኝ። ለአያታቸው ትተናቸው እንሂድ ወይስ ይቅርብን? የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የዱብሉቅ ልጅ፦
እህቴ፣ እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ፣ ሐዋሳ ነው የምሠራው። ከፎርሙ ልጀምር። ቦረና ከብቱን ቆጥሮ አይናገርም፣ ሲጠየቅም አይወድም። ልጅም እንደዚያው። የማታውቂው ሰው በርሽን አንኳኩቶ ባንክ ውስጥ ስንት አለሽ ቢልሽ ምን ትያለሽ? በዚያ ላይ ከ2013 ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ቀርቶ ከብቱ ያለቀበት ሰው ብዙ ነው፤ ቁስል መነካካት ነው። አማርኛ እያወራ ፎርም የያዘ ሰው ሲመጣ ደግሞ ወይ የመንግሥት ነው ወይ የእርዳታ ድርጅት ነው የሚባለው፤ ወንጌል ይዞ መምጣቱን ማን ይገምታል?

ሁለተኛ፣ የሄዳችሁበት ወቅት። እናንተ ክረምት የምትሉት ለእኛ ደረቅ ነው። ዋናው ዝናባችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎረምሳው የማይታለበውን ከብት ይዞ ፎራ ይወጣል፣ ራቅ ወዳለ ግጦሽ ማለት ነው። የቀረው ወንድ ኤላ ላይ ነው። ኤላ ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ሰው ከጥልቁ ጉድጓድ ታች እስከ ላይ ተደርድሮ፣ እየዘፈነ፣ ውሃውን እየተቀባበለ የሚያወጣበት ነው፣ የሚጠጣውም በተራ ነው፣ ተራውንም የሚያስከብር አባት አለው። ታዲያ ቤት የሚገኘው ማነው? ሴት፣ አቅመ ደካማ፣ ልጅና የሚታለቡት ላሞች። ባልሽ አስተርጓሚውን ይዞ ወንድ ሲፈልግ መንደሩ አንቺ ጋ ነበር።

ስለዚህ ልጆቹን ትታችሁ ከምትሄዱ ባትሄዱ ይሻላል። አስተርጓሚ ለአንቺ ይስጡሽ፣ ከተቻለ ሴት ትሁን። እኛ ጋ ቤት የምትሠራው ሴት ናት፣ የወተት ዕቃውን የምታጥነውም እሷው ናት፤ አብረሽ ሥሪ፣ ቃሉ ከሥራው ጋር ይመጣል። ልጅ ወተት አልጠጣም አለች ብሎ የሚቀየም የለም፣ አንቺ ተቀብለሽ ጠጪላት። ትልቁን ልጅ ጥጃ ከሚጠብቁት ልጆች ጋር አውጪው። አሳውን ግን ይተወው 😄። ሰላምታ ላይ ደግሞ አትቸኩሉ። ሰዉ፣ ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ ሁሉ ደህና መሆኑ ተጠይቆ ነው ወሬ የሚጀመረው።

ጋሼ ከአቶቴ፦
የዱብሉቁ ልጅ እውነቱን ነው፣ ግን እኔ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያሳተመው እንደ ፈረንጆቹ በ1899 ነው፤ አስቴር ጋኖም አብራው ለፍታለች። ይሄን ያህል ዘመን አልፎ እኛ ዛሬም በአማርኛ ሰብከን፣ በአስተርጓሚ አሜን አስብለን፣ ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያንሽ ለትራንስፖርት የምታወጣውን ብር ከፍላ አስቀድማ ብታስተምራችሁ ምን አለ? ሻሸመኔ አፍንጫችን ስር ናት፣ ቅዳሜ ገበያዋን ዞረሽ ሽንኩርት በኦሮምኛ ተከራከሪ። የአርሲውና የቦረናው አነጋገር ይለያያል፣ እሱ እዚያ ስትደርሺ ይስተካከላል። ልጆቹንም ይዘሻቸው ሂጂ። እምቢ ያሉት ዲዳ ሆነው ስለከረሙ እንጂ ቦረናን ጠልተው አይመስለኝም።

አሞራው፦
እዚሁ ሲዳማ ገጠር ስንት ሥራ እያለ ያቤሎ ድረስ ምን አስኬዳችሁ?

የዱብሉቅ ልጅ፦
@አሞራው ለእሱም ሲዳሙ አፎ መማር አለብህ፣ ትችላለህ?

የታቦር ሰፈር እናት፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሽንኩርቱ አሳቀኝ። የዱብሉቅ ልጅ፣ የወቅቱን ነገር ለባለቤቴ አነበብኩለት፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። በመስከረም እንዳንሄድ ትምህርት አለ፣ ስለዚህ ክረምቱ ላይ ነን፤ ግን አስተርጓሚው ለሴቶቹ ይሁን ብሎ ራሱ ለአስተባባሪው ሊነግረው ነው። ፎርሙንም አንይዝም። ትልቁ ልጅ ጥጃ መጠበቅ የሚለውን ሲሰማ "ብቻዬን ነው ከእነሱ ጋር?" አለ፤ እምቢ አላለም እንግዲህ። እስከዚያው ሐዋሳ ውስጥ ኦሮምኛ የምታስተምር ሴት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የቦረና ብትሆን እመርጣለሁ። የሚመቸኝ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው፣ ልጆቹም አብረው ይማራሉ።